ለሰርግ የተከፈተው በር

ለኦሪየንቲሪንግ፣ ማለትም ሯጩ ካርታ እያነበበ፣ መንገዱን ራሱ እየመረጠ የተሰጡትን ነጥቦች በተራ ለሚያዳርስበት ውድድር፣ ካርታው ተስሎ፣ የሩጫው መስመር ወጥቶ፣ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው የጠየቅኳቸው። በጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ፣ ከጊድር መጋላ ገበያ ወደ ኤረር በር ሲወረድ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ አንድ የግቢ በር አለ። ለልኬት የሄድኩ ቀን ሁለቱም ሳንቃ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እኔም በዚህ ገብቼ በወዲያኛው መንገድ ወጣሁና ማስታወሻዬ ላይ «መተላለፊያ» ብዬ ጻፍኩ። በሌላ ቀን ሳልፍ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ደጃፉ ላይ ለተቀመጡ እናት፣ «እማማ፣ ባለፈው ሳልፍ ክፍት ነበር፤ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ይሄማ የሰው ግቢ ነው ልጄ። ያን ሰሞን ሰርግ ስለነበረ ነው እንጂ መች ይከፈታል» አሉኝ።

ከ7ኛው ወደ 8ኛው ነጥብ የሚደረገው ሩጫ የቆመው በዚያ በር ላይ ነበር። በበሩ ለሚያቋርጥ 140 ሜትር፣ ዞሮ ለሚሄድ 310 ሜትር። ልዩነቱ 170 ሜትር ነው፤ ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ለሚሮጥ ልጅ 41 ሰከንድ ማለት ነው። አንደኛው በ14 ደቂቃ ይጨርሳል ብለን ባሰብነው ውድድር፣ 41 ሰከንድ ውጤቱን ከላይ እስከ ታች ይገለብጠዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ሳልጠረጥር ነው የሳልኩት። የካርታው ስህተት በአምስት ደቂቃ ታረመ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አልሆነም፤ በሰው ከተማ ውስጥ «መንገድ» የሚባለው የቱ ነው?

ሕጉ ወረቀቱ ነው

በጫካ ኦሪየንቲሪንግ ሯጩ ካርታውን ከመሬቱ ጋር ያመሳክራል፤ የማይቻለውን መሬቱ ራሱ ይከለክለዋል፤ ገደል ገደል ነው። በከተማ ስፕሪንት፣ ማለትም በአጭሩና በፈጣኑ የኦሪየንቲሪንግ ውድድር ግን የሚከለክለው ወረቀቱ ነው። በዓለም አቀፉ የኦሪየንቲሪንግ ፌዴሬሽን የስፕሪንት ካርታ መመሪያ መሠረት በወፍራም ጥቁር መስመር የተሳለ ግንብ አይዘለልም፤ ቁመቱ የአንድ ሜትር ቢሆንና ሯጩ በአንድ እጁ ተደግፎ ሊሻገረው ቢችል እንኳ ከተሻገረ ከውድድር ይወጣል። በወይራ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ የተቀባ ቦታም የሰው ይዞታ ነውና አይረገጥም። ቀጭን ጥቁር መስመር ከሆነ ግን መሻገር ይፈቀዳል። ስለዚህ ካርታ ሠሪው ያየውን ብቻ ሳይሆን የሚፈቀደውንም ነው የሚስለው። ዳኝነቱ የሚጀምረው እሱ እጅ ላይ ነው።

ጀጎል ደግሞ ይህን ዳኝነት በየሃያ እርምጃው ትጠይቃለች። ከተማዋ ወደ 48 ሄክታር ገደማ ናት፤ በዚያች ውስጥ በዩኔስኮ መዝገብ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች (የቅዱሳን መታሰቢያ ቦታዎች) ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ ግቢ አላቸው፣ አንዳንዱ ግቢ ሁለት በር አለው፣ በሁለቱም በኩል ሰው ሲያልፍ ይታያል። በእኔ አስተያየት እነዚህ ሁሉ ያለ ክርክር አረንጓዴ ይቀባሉ። በሩ ክፍት ነው ማለት በቁምጣ ለሚሮጥ ሰው ተከፍቷል ማለት አይደለም። የሐረሪ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። አንድ የውጭ በር አልፎ ሲገባ ሦስት አራት ቤት የሚጋራው ግቢ ይገኛል። ከላይ በሳተላይት ለሚያይ አደባባይ ይመስላል፤ ከታች ለሚቆም ሰው ግን እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ጓዳ ነው።

የግንቡ ነገርም አለ። ዙሪያውን 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ፣ ቡዳ፣ ሰንጋ፣ ኤረር እና ፈላና። በኋላ የተከፈተውና መኪና የሚያስገባው ሐረር በር ስድስተኛ ነው። ነገር ግን ከግንቡ ሥር ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም አሉ፤ ዋራባ ኑዱል ይሏቸዋል። ቀጠን ያለ ልጅ በደረቱ ተስቦ ሊያልፍባቸው ይችላል። ግንቡ ያለ ክፍተት በወፍራም መስመር ከተሳለ ቀዳዳው የለም ማለት ነው፤ ያለፈበት ይሰረዛል። ይህን ከመነሻው በፊት በቃል መናገር ግዴታ ነው። ካልተነገረ በጅብ መንገድ የሚገባ ልጅ አይጠፋም፤ ደግሞም በልቤ አልፈርድበትም።

ጣሪያ ከላይ፣ ግድግዳ ከታች

የካርታው ሥራ ሲጀመር ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሳተላይት ምስል ዘርግቶ ቤቶቹን ከላይ ይቀዳል። ጀጎል ላይ ይሄ እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል። ምስሉ የሚያሳየው ጣሪያውን ነው፤ ሯጩ የሚሮጠው ግን ከግድግዳው ሥር ነው። የቆርቆሮ ክፈፍ ከግድግዳው 40 ሴንቲሜትር ወጣ ካለና ከፊት ለፊቱ ያለውም እንዲሁ ካደረገ፣ አንድ ሜትር ከሃያ የነበረው መንገድ ከላይ ሲታይ 40 ሴንቲሜትር ብቻ ይቀረዋል፤ ጥላ ሲጨመርበት ጨርሶ ይጠፋል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ግልጽ መንገድ የሚመስለው ሄዶ ሄዶ ግድግዳ ላይ ያበቃል።

ስልክ ላይ ያለ ጂፒኤስም እዚህ አያድንም። ግድግዳዎቹ ሰማዩን ስለሚሸፍኑት አምስት አስር ሜትር ይስታል፤ አስር ሜትር በ1:4000 ካርታ፣ ማለትም መሬቱ 4000 ጊዜ አንሶ በተሳለበት ወረቀት ላይ 2.5 ሚሊሜትር ነው፤ በሌላ አነጋገር ነጥቡ ከአንድ መንገድ ዘሎ ሌላ መንገድ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኮምፓሱም ቢሆን ከብረት በርና ከቆርቆሮ አጥር አጠገብ ይዛባል፤ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያም ከመንገዱ ሌላ ጫፍ ወደ ኋላ አንብቦ ማመሳከር ያስፈልጋል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት 180 ዲግሪ ካልሆነ አንዱ ቦታ ላይ ብረት አለ።

የሚሠራው አካሄድ አሮጌው ነው። እንደ ፈረስ መጋላ ያሉ ሰፊ አደባባዮችንና ስድስቱን በሮች በምስሉ ላይ በእርግጠኝነት መትከል፤ ከዚያ በእነዚህ መካከል ያለውን እያንዳንዱን መንገድ በ30 ሜትር ሜትሮ ወይም በእርምጃ እየለኩ ማሰር። እርምጃ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ በተለካ 100 ሜትር ላይ የቀኝ እግሩን ስንት ጊዜ እንደሚያሳርፍ ይቆጥራል፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ ስለሚለያዩ ሁለቱንም ለየብቻ። ከአንድ በር ተነስቶ ሌላው በር ላይ ሲደረስ የተለካው ከምስሉ ጋር በሦስት ሜትር ቢለያይ ስህተቱ በመንገዱ ሙሉ ይከፋፈላል እንጂ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ አይጣልም። ለስዕሉ ኦፕን ኦሪየንቲሪንግ ማፐር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል፤ በአንድሮይድ ስልክና ታብሌትም ስለሚሠራ መንገዱ ላይ ቆሞ መሳል ይቻላል። መስመር ለማውጣት ፐርፕል ፔን አለ፤ እሱም ነጻ ነው።

መጥበብ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በካርታው ላይ የመንገድ ክፍተት ከ0.4 ሚሊሜትር ካነሰ በሩጫ ላይ ያለ ዓይን አያየውም፤ መመሪያውም ከዚያ በታች እንዲሳል አይፈቅድም። በ1:4000 ያ 1.6 ሜትር ነው። መገር ወገር ኡጋ ግን ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ሳይነካኩ የማይተላለፉበት መንገድ ነው፤ ከ1.6 ሜትር ብዙ ያንሳል። ስለዚህ ሰፍቶ ይሳላል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶችም ይገፋሉ። አንድ መንገድ ሲሆን ችግር የለውም። አምስት ጠባብ መንገዶች ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ሲገፋ ስድስተኛው ቤት ከቦታው ሁለት ሜትር ተኩል ይርቃል። መፍትሔው የቤቶቹን ውፍረት መቀነስ እንጂ መንገዶቹን ማንቀሳቀስ አይደለም፤ ሯጩ ቤት አይገባም፣ መታጠፊያውን ነው የሚፈልገው።

መጠኑን ወደ 1:3000 ማሳደግስ? መመሪያው ይፈቅዳል፣ ለማንበብም ይቀላል። ችግሩ ወረቀቱ ነው። አንድ ኤ4 በ1:4000 መሬት ላይ 840 በ1,188 ሜትር ይይዛል፤ ጀጎል ትገባለች። በ1:3000 ግን 630 በ891 ሜትር ብቻ ስለሆነ ወይ ከተማዋ ትቆረጣለች፣ ወይ ወደ ኤ3 ይኬዳል። ኤ3 ደግሞ በጠባብ መንገድ ሲሮጡ እንደ ክንፍ ግድግዳውን እየመታ ይቀደዳል። እኔ ለአዋቂዎች 1:4000፣ ለጀማሪና ለሕፃናት መስመሩ ከከተማዋ ግማሽ ስለማያልፍ 1:3000 እመርጣለሁ።

በሩን ምን ላድርገው?

ወደዚያ በር ልመለስ። ሦስት መንገድ ነበረኝ።

የመጀመሪያው የግቢውን ባለቤቶች ለምኖ በውድድሩ ቀን ማስከፈት ነው። ሐረር ላይ ለእንግዳ በር መክፈት ብርቅ አይደለም፤ እሺ ይሉኝ ነበር። ግን 60 ሯጭ በየደቂቃው አንድ እየሆነ ሲለቀቅ፣ ለአንድ ሰዓት ሙሉ በየደቂቃው አንድ የማያውቁት ሰው እያለከለከ ጓሯቸውን ሲያቋርጥ ማለት ነው። እሺ ያሉት ይህን አስበው አይሆንም። በይሉኝታ የተገኘ ፈቃድ ላይ መስመር አይወጣም።

ሁለተኛው በሩን በካርታው ላይ ዘግቶ የ7ኛውንና የ8ኛውን ነጥብ እንዳሉ መተው ነው። ሕጉ ወረቀቱ ነው ካልን ይህ ይበቃ ነበር። ግን እስቲ ሯጩን አስቡት። መንገዱ 0.4 ሚሊሜትር፣ የዘጋው መስመር 0.4 ሚሊሜትር፣ ልቡ ጉሮሮው ላይ ነው። በዚያ ቀን ሌላ ሰርግ ቢኖርና በሩ ቢከፈት፣ ካርታውን በደንብ ያነበበ ልጅ 310 ሜትሩን ይዞራል፤ ዓይኑን ያመነው ደግሞ ሰተት ብሎ ያልፋል። ማንም አያየውም። በሩን በሚያውቅ የሰፈር ልጅና ከድሬዳዋ በመጣ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ የሩጫም የካርታም ሳይሆን የጨዋነት ፈተና ሆነ። ጨዋነትን መፈተን የመስመር አውጪ ሥራ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ያሰብኩት። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ የጀጎል ልጅ በጀጎል ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? በሌላ ቦታ የውድድር ሜዳ አስቀድሞ ይከለከላል፤ ተወዳዳሪ ከውድድሩ በፊት አይረግጠውም። ሰው የተወለደበትን መንገድ ግን «አትርገጥ» አይባልም። መጀመሪያ ይህ ጥቅም የማይሸነፍ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ አንድ ነገር ገባኝ፤ የከተማው ሰው የሚያውቀው የለመደውን መንገድ እንጂ አጭሩን አይደለም። በሱቁ በኩል ነው የሚሄደው፣ ጥላ ባለበት ነው የሚሄደው፣ ዕዳ ያለበትን ሰው ደጅ ዞሮ ነው የሚሄደው። ለሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብዙ ትንንሽ ምርጫዎች ከተደረደሩ ልማዱ ያሳስተዋል፣ ካርታ የሚያነበው እንግዳም ይደርስበታል። የአገሬው ሰው የማይቀደመው መስመሩ በአንድ ምሥጢራዊ ማቋረጫ ላይ ከተንጠለጠለ ነው። በሩ ያን ዓይነት ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛው ሆነ። በሩ በወፍራም ጥቁር ተዘጋ፤ ግቢው አረንጓዴ ተቀባ፤ 8ኛው ነጥብ ደግሞ 60 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አንድ ደረጃ ሥር ወረደ። አሁን ከ7 ወደ 8 በሰሜን 265፣ በደቡብ 280 ሜትር ነው፤ የደቡቡ መታጠፊያው ያንሳል። በሩ ቢከፈትም የሚያደርሰው ከነጥቡ ወዲያ ማዶ ስለሆነ ማንንም አይጠቅምም።

ነጥብ መስቀል፣ መስመር ማሰር

የቀረውን ባጭሩ ልበል። የስፕሪንት መስመር ርዝመት እንደ ጫካው በቀጥታ መስመር አይለካም፤ ሯጩ ሊሄድበት በሚችለው አጭር መንገድ ነው። ጀጎል ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በቀጥታ 2 ኪሎ ሜትር የተባለ ወደ 3 ሊጠጋ ይችላል። ለምርጥ ሯጮች አሸናፊው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ እንዲጨርስ ይታሰባል። ከጊድር መጋላ ወደ ፈረስ መጋላ ያለውን ዳገት ሁለት ጊዜ ካስወጣን ርዝመቱ ይቀነሳል፤ ቦታው ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ላይ መሆኑም አይረሳ።

ከሁሉ የሚያምረው ምርጫ በቡዳ በርና በሰንጋ በር መካከል ያለው ነው። አንዱን ነጥብ ከቡዳ በር ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ከሰንጋ በር ትንሽ ወደ ውስጥ ስናደርግ ሯጩ ወይ ከግንቡ ወጥቶ በውጭ በኩል ሳያስብ ይሮጣል፣ ወይ በውስጥ አሥር መታጠፊያ እያነበበ ይሄዳል። ይህን ያህል የጠራ ጥያቄ የሚሰጥ ግንብ በየትም አይገኝም። በአንጻሩ ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎች ጣት ይዞ ከመቁጠር በቀር ምንም አይጠይቁም፤ እዚያ ምርጫ የሚፈጥረው የደቻቱ ወንዝና ድልድዮቹ ናቸው። የአሸዋው ወለል በበጋ ቢሮጥበትም በክረምት ግን በካርታው ላይ ዝግ መሆን አለበት። ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ይደርሳል፤ በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው።

ነጥቦች በአየር ላይ ከ15 ሜትር በታች አይቀራረቡም። የነጥቡ ክብ 6 ሚሊሜትር ነው፤ መሬት ላይ 24 ሜትር ስለሚሸፍን መታጠፊያ ላይ ሲወድቅ ክቡ ተቆርጦ መንገዱ እንዲታይ ይደረጋል። የነጥቡ ቁጥርም መንገድ ላይ አይጻፍም፣ ቤት ላይ ይጻፋል። የግድግዳ ነጥብ ከሆነ ለሯጩ የሚሰጠው የነጥቡ መግለጫ የቱ ጎን እንደሆነ መናገር አለበት፤ ጀጎል ውስጥ በተሳሳተው ጎን የደረሰ ዞሮ ለመምጣት ብዙ ጊዜ ያጠፋል። ጫፉ የተዘጋ መንገድ ውስጥ ነጥብ ማድረግ ደግሞ ሁልጊዜ ያጓጓል፣ ሁልጊዜም ስህተት ነው፤ የሚወጣው ሯጭ የሚገባውን ይመራል፣ በጠባቡም ይጋጫሉ። በየነጥቡ ላይ የሚጻፉት መለያ ቁጥሮች (ከተራ ቁጥሩ የተለዩ ናቸው) ከ31 ይጀምራሉ፤ ተገልብጠው ሌላ የሚመስሉት እንደ 66፣ 68፣ 86፣ 89፣ 98 እና 99 ይዘለላሉ።

ነጥቡ ላይ የሚሰቀለው ብርቱካንማና ነጭ ጨርቅ ሠላሳ በሠላሳ ሳንቲም ነው፤ ሕፃናት ከሁሉ አስቀድመው የሚወዱት ነገርም ነው። መደበቅ አይጠቅምም። በአቅራቢያው ላለ ባለሱቅ ወይም ለራሱ ለሰፈሩ ጉልቤ ልጅ «ጠባቂው አንተ ነህ» ማለት ከየትኛውም ሰንሰለት ይበልጣል።

ሰዓቱም መስመሩን ያህል ይወስናል። አርብ ቀትር አይታሰብም። መኪና ግርግር ስፌቱ ከጀመረና ጊድር መጋላ ገበያው ከሞላ በኋላም እንዲሁ፤ ቅርጫት የተሸከመች እናትና በሙሉ ፍጥነት የሚታጠፍ ሯጭ አንድ ጥግ ላይ ሊገናኙ አይገባም። ጸጥ የሚለው በጠዋትና ከሰዓት በኋላ በበርጫ ሰዓት ነው። እኔ ጠዋቱን እመርጣለሁ፤ ከሰዓት ሲዘገይ መሸት ይላል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ መንገዱ የጅቦቹ ነው።

ከማተሚያ ቤት በኋላ

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚያሰኘው ኅትመቱ ነው። ማተሚያው «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለውን ምርጫ በራሱ ይይዛል፤ ካርታው 97 በመቶ ሆኖ ይወጣል፣ ማንም አያውቅም። ማወቂያው ማስመሪያ ነው። በ1:4000 ላይ 100 ሜትር 25 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ 24 ከጥቂት ካለ ይመለሳል። ሐምራዊው የመስመር ቀለም ጥቁሩን ሸፍኖ ከሆነም ይመለሳል፤ በሐምራዊ ሥር የተደበቀ ግንብ የተሰረዘ ሯጭ ነው። አንድ ናሙና ታትሞ፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ እየሮጡ ተነብቦ ነው ሌላው የሚታዘዘው። ወረቀቱ በላብ እንዳይርስ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በኋላም ከተማዋ አትቆምም። ሌሊት ለቅሶ ከተደረሰ ጠዋት ድንኳን መንገዱ ላይ ይተከላል፤ አሸዋ ይራገፋል፤ ቦይ ይቆፈራል። ስለዚህ መስመሩን ያላወጣ ሰው፣ ካርታ ብቻ ይዞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሙሉውን ይዞራል። የተዘጋ ካገኘ ይደውላል፤ መነሻው ላይ ያለው ሰው ወፍራም ሐምራዊ ብዕር ይዞ በ60ዎቹም ካርታዎች ላይ በዚያ ቦታ አግድም መስመር ያሰምራል። ለአንድ ካርታ ግማሽ ደቂቃ፣ በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው ሯጭ የሚለቀቀው 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሆነውም ለዚህ ነው።